ስምንት ሽንኩርት ባንዴ

ትናንት ከሰዓት ኮምፒውተሬን ስለማመጥ ሸለብ አድርጎኝ ጉደኛ ሕልም አየሁ። ታናሽ ወንድሜ ይድነቃቸው ከስድስት ዓመት በኋላ ከዱባይ የሚገባበት ቀን ነበር። ሲሄድ የመኪና ጌማችንን የመጨረሻው ውድድር ላይ አቁመን፣ «ስትመጣ እንጨርሰዋለን» ብዬ ቃል ገብቼለታለሁ። የጌም ማሽኑ ጆይስቲክ በዚያው ሰሞን ስለጠፋ፣ ያቆምንበትን ገልብጬ በኮምፒውተር ላስነሳው ፈለግኩ። ጌሙን የሚያስነሳው ፕሮግራም ግን ከጠዋት ጀምሮ «ፕሮሰሰርዎ ይህን ትእዛዝ አያውቅም» እያለ አንጀቴን አሳረረው። ስምንት ስሌት ባንዴ የሚያሠራ ትእዛዝ ነው አሉ። የኔው ኮምፒውተር አንጎል፣ ሽማግሌው ፕሮሰሰር፣ ወሬውንም አልሰማ!

በሕልሜ መርካቶ ነኝ። ሰው መደርደሪያ ላይ፣ ኮምፒውተር ገበያተኛ። ኮምፒውተሩን የሰጠኝ ነጋዴ ሸምሱም አጠገቤ ለሽያጭ ተቀምጧል። የራሴው ኮምፒውተር ገመዱን እየጎተተ መጣና አፌን ከፍቶ ጥርሴን አየ።

«ይሄ ስንት ትእዛዝ ያውቃል?»

«ሁሉንም ይታዘዛል ጌታዬ!» አለ ሸምሱ፣ እዚያም አላፈረም።

«እስቲ ስምንት ሽንኩርት ባንዴ ላጥ።»

«አንድ በአንድ ብልጥስ?»

«ብልጥማ ብትሆን ባንዴ ትልጠው ነበር።»

ገመዱን እምብርቴ ላይ ሰካው። ወዲያው መርካቶ የውድድር ሜዳ ሆነ። ይድነቃቸው መኪናው ውስጥ፣ መድረሻው መስመር አጠገብ ድርቅ ብሎ ቆሟል።

«ጋሼ፣ ቶሎ በላ! እግሬ ደነዘዘ!»

አንድ ሽንኩርት ስልጥ መኪናው አንድ ስንዝር ይሄዳል። እንባዬ ይወርዳል፣ መኪናው ይቆማል። አንዲት አህያ ትራፊክ ፊሽካዋን ነፍታ አስቆመችን።

«በዝግታ በማሽከርከር ተከሰሃል። በሰከንድ ስልሳ ሽንኩርት ነው ሕጉ!»

«ሁለት እጅ ብቻ ነው ያለኝ!» ብዬ ጮህኩ። አህያዋም ግንባሬ ላይ «አይደግፍም» የሚል ማኅተም መታችብኝ።

ስነቃ ግንባሬ ኪቦርዱ ላይ ነው። ይድነቃቸው ሻንጣውን እንደያዘ እየሳቀ ይነቀንቀኛል።

«ከዚህ ጋር ምን ያታግልሃል ጋሼ?» አለና ከሻንጣው ገመዱ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። የጠፋው ጆይስቲክ ነበር። «ያለኔ እንዳትጨርሰው ብዬ ይዤው ሄጄ ነበር። በል ማሽኑን አምጣው፣ እንሰካው።»

ማሽኑንማ ባለፈው ሳምንት ሸምሱ ጋ ወስጄ በዚሁ ኮምፒውተር ለውጬዋለሁ።