ጎንደር የሄደው የቀሚሴ ጅራት

ሴት ልጅን ከመንገድ የሚያስወጣት ወንድ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። አትመኗቸው! ሴት ልጅን ከመንገድ የሚያስወጣት ቁም ሣጥን ነው። የራሷ ቁም ሣጥን ምንም አያደርጋትም፤ በሽታው የሚጀምረው የሌላ ሴት ቁም ሣጥን ያየች ዕለት ነው። ማስረጃ አምጪ የምትሉ ከሆነ ማስረጃው እኔው ነኝ... ጠጋ በሉና ስሙኝ።

እኔ ደባርቅ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ቤተሰቦቼ ዳባት ናቸው። በጥር ታናሽ እህቴ እናኑ ልታገባ ሆነ። ልብ በሉ፤ ታናሽ እህቴ! ታላቂቱ እኔ ቁጭ ብዬ! እንዲህ ሲሆን ደግሞ ሠርገኛው ሙሽራዋን "እንኳን ደስ ያለሽ" ይልና ዞር ብሎ እኔን "አይዞሽ" ይለኛል። ምን ሆኜ ነው የምጽናናው? ሰው የሞተብኝ ይመስል! የአጎቴ ልጅ ስታገባማ አንዲት ሴትዮ እጄን ይዛ አልቅሳልኛለች፤ ማን እንደሆነች እስከ ዛሬ አላውቅም።

ስለዚህ ዘንድሮ ማልኩ። ማንም አይዞሽ ሊለኝ በማይደፍርበት ሁኔታ እገባለሁ አልኩ። እንዴት እንደምገባ ግን እኔም አላወቅኩም ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ጉሙ ደባርቅን ውጧታል። ጋቢዬን ተከናንቤ ስልኬን ስጎረጉር አንዲት የድሮ የሆሊውድ ተዋናይት ብቅ አለች። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው። ሴትዮዋ ደረጃ ትወርዳለች። በቃ፣ ሌላ ምንም አታደርግም፤ ደረጃ ትወርዳለች! ግን አወራረዷ... ቀሚሱ ከላይ እንደ ውሃ ፈስሶባት፣ ከታች ተዘርግቶ ሦስት ደረጃ ወደ ኋላ ይጎተታል። እጇ እስከ ክርኗ ነጭ ጓንት ለብሷል። ትከሻዋ ላይ ጠጉራም ነገር ጣል አድርጋለች። ከታች ያ ሁሉ ወንድ አፉን ከፍቶ ቆሟል። አንዱም "አይዞሽ" አላላትም!

ከዚያ ወዲያ ሥራዬ እሷ ሆነች። ያገኘሁትን ፊልሟን ሁሉ አየሁ፤ ታሪኩን ጠይቁኝ፣ አልነግራችሁም፤ ልብሱን ግን ቁልፍ በቁልፍ እዘረዝርላችኋለሁ። ስታለቅስ አንድ ቀሚስ ትለብሳለች፣ እንባዋን ስትጠርግ ሌላ። እኔ ሁለት ሹራብ አለኝ፤ ሁለተኛውን የምለብሰው ከመጀመሪያው ላይ ደርቤ ነው።

ፎቶዋን ይዤ ልብስ ሰፊው ጋሼ አዱኛ ዘንድ ሄድኩ። ጋሼ አዱኛ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰፉት ሁለት ነገር ነው፤ የተማሪ ዩኒፎርምና የካህናት ካባ። መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው አወረዱና ስልኬን አንዴ አራቁት፣ አንዴ አቀረቡት።

"ቀለሙ ምንድን ነው?"

"አይታወቅም ጋሼ። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው።"

"እንግዲያው ግራጫ ነዋ! ይኸው እያየሁት!"

"ኧረ ግራጫ አይደለም! እኔ ወርቅማ ይመስለኛል።"

"ወርቅማ ያለኝ የካባ ጨርቅ ብቻ ነው።"

"ይሁን!"

"ጀርባውስ? ጀርባው የት ሄደ?"

"ክፍት ነው።"

"ጨርቅ አጥሯት ነው?"

"ፋሽኑ ነው ጋሼ።"

ወደ ውጭ ተመለከቱ። ከተራራው የወረደው ንፋስ የሱቃቸውን በር ያንቀጠቅጠዋል። "ልጄ" አሉ በሐዘን፣ "ይች ሴትዮ ደባርቅን አታውቃትም። ጀርባሽን እዘጋዋለሁ። ገበርም አገባበታለሁ።"

"ትከሻዋ ላይ ያለውን ጠጉርስ ከየት እናምጣው?"

"ይሄማ የበግ ቆዳ ነው፤ ደበሎ! ከተራራው ላይ ጊች ብትወጪ አገሩ ሁሉ ለብሶታል። ከኛ አይታ ነው እንጂ!"

ጓንቱ ግን ከየትም ጠፋ። ገበያ ላይ ያለው የግንበኛ ጓንት ነው። ቸግሮኝ ነጭ የእግር ኳስ ካልሲ ገዛሁና ጫፉን በመቀስ ቆርጬ ጣቶቼን አወጣሁ። አትሳቁ! ሲለበስ እኮ ያምራል። እሷ እስከ ክርኗ ነው፤ እኔ እስከ ብብቴ ደረሰልኝ።

የሠርጉ ዕለት እናቴ ገና ጎህ ሲቀድ ደወለች። "ሰው ሁሉ ተሰብስቦ የሙሽራዋ እህት የለችም?" ብላ ጮኸችብኝ። የፈተና ወረቀት አርሜ አልጨረስኩም አልኳት። ውሸቴን ነው፤ ሰው ሳይሞላ መግባት ስላልፈለግኩ ነው።

ሚኒባሱ ውስጥ የቀሚሴን ጅራት በነጠላ ጠቅልዬ ታቅፌዋለሁ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት አየት አደረጉትና በሹክሹክታ "ስንት ጊዜዋ ነው?" አሉኝ።

"ሦስት ሳምንቷ" አልኩ። እውነቴን ነው፤ ጋሼ አዱኛ ሰፍተው ለመጨረስ ሦስት ሳምንት ፈጅቶባቸዋል።

"ታድላ! ድምጿ እንኳ አይሰማም" አሉና አማተቡባት።

ዳባት ደረስን። ቤታችን አስፋልት ዳር ነው። ዳሱ ሞልቶ ሰው ደጅ ድረስ ፈሷል። ጅራቱን ከነጠላው ፈትቼ፣ ደበሎዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረግኩና፣ አገጬን ቀና አድርጌ፣ እንደ ሴትዮዋ መውረድ ጀመርኩ። የሚኒባስ ደረጃ አንድ ብቻ ነው፤ እኔ ግን እሱኑ አንዱን በሦስት ጊዜ ወረድኩት።

"ፈጠን በይ እንጂ እህቴ!" አለ ረዳቱ፣ ፂሙን ያንዠረገገ ጎልማሳ። ከዚያ በሩን ድርግም! "ሳበው!"

እኔ ወርጃለሁ። ጅራቴ አልወረደም።

ሚኒባሱ ተነሣ። እኔም አብሬው ተነሣሁ። "ቁም! ጅራቴን! ጅራቴን!" እያልኩ በታኮ ጫማ ከጎኑ ሮጥኩ። እናንተ፣ ባዮሎጂ አስተማሪ አደባባይ ላይ "ጅራቴን" ብላ ስትጮህ አስቡት! ከዚያ ጭርርር... የሚል ድምፅ ሰማሁ። ያ ወርቅማ ጨርቅ በሩ ላይ እየተውለበለበ፣ ቁልቁል ወደ ጎንደር ነጎደ። ጋሼ አዱኛ ይባረኩ፣ ገበሩ አልተቀደደም! ባይሆን ኖሮ ይሄን ጽሑፍ የምጽፍላችሁ ከሌላ አገር ነበር።

ዞር ስል ሠርገኛው ሁሉ ያየኛል። አምስት ዓመት ያሳደግኩት ውሻችን እንኳ አላወቀኝም፤ ጮኸብኝ። ከፊት የተቀመጡት የንስሐ አባታችን መምሬ ሞላ ናቸው። ሄጄ መስቀላቸውን ተሳለምኩ። ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"ይታይሽ ነሽ?"

"አዎ መምሬ።"

"ልጄ፣ የቆሎ ተማሪው ደበሎ ትከሻሽ ላይ አለ። የካህኑ ካባም ገላሽ ላይ አለ። እኔ ከደበሎ ተነሥቼ ካባ እስክደርስ አርባ ዓመት ፈጅቶብኛል። አንቺ በአንድ ጀምበር እንዴት ቻልሽው?"

ዳሱ ፈነዳ! እናቶች ሆዳቸውን ይዘው ተንበረከኩ፤ እልል የምትለዋ ሴት እልልታው መሃል ላይ ተቋረጠባት። እኔ መሬት ብትከፈት ዘልዬ ልገባ ቆሜ እጠብቃለሁ። ዓይኔ እንባ ሞላ። እንደዚያ ሆኜ ወደ ጓዳ፣ ሙሽራዋ ወዳለችበት ሮጥኩ።

እናኑ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ቬሏ ጭንቅላቷ ላይ፣ ፊቷ እንደ ኖራ ነጭ። ፈርታለች። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፤ የማያውቁት ቤት መግባት ቀላል መሰላችሁ? ቀና ብላ አየችኝ። እጄን አየች።

"ካልሲ ነው?"

"ጓንት ነው።"

"የቡድን አርማ አለው እኮ!"

ለካ አርማው ክርኔ ላይ በልቡ ተኝቷል። እናኑ አንዴ ሳቀች፤ ከዚያ ማቆም አቃታት። እኔም ጀመርኩ። ኩሏ በጉንጯ ወርዶ፣ ተቃቅፈን ስንንፈቀፈቅ እናታችን ገባች። ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ እናኑ ግን ቀደመቻት። "እማዬ፣ ራበኝ" አለች። እናታችን ቁጣውን ትታ እየሮጠች ወጣች።

ከሰዓት፣ ምሳ ተበልቶ ጭፈራው ሲደራ፣ ያ ፂማም ረዳት ከጎንደር መልስ ደጁ ላይ ቆመ። እጁ ላይ ፌስታል አለ። "ጅራቷ የቀረባት እህት እዚህ ናት?" ብሎ ጮኸ። ተሳፋሪው የታቦት መጎናጸፊያ መስሎት ጎንደር ድረስ እየተሳለመው ሄዷል አሉ። ረዳቱን ጎትተው አስገቡት፤ በላ፣ ጠጣ፣ ከሙሽራው ሚዜዎች በላይ ጨፈረ። እኔን ካላችሁኝ፣ ያን ቀን ከሦስት መቶ ሰው "አይዞሽ" ተብያለሁ። ስለ ባል ያነሣ ግን አንድም አልነበረም፤ ሁሉም ስለ ጅራቴ ነው!

በማግስቱ ጠዋት ድስት ስናጥብ እናቴ እጇን በመቀነቷ ጠረገች። "እስቲ ያችን ያሳበደችሽን ሴትዮ አሳይኝ" አለች። ስልኬን ሰጠኋት። ጓንቱን አየች፣ ጠጉሩን አየች፣ የተዘረጋውን ቀሚስ አየች።

"ትታያለች" አለች ሳትወድ በግዷ። "አግብታለች?"

"አምስት ጊዜ።"

"አምስት?"

"አምስት ባል ነው ያገባችው እማዬ።"

እናቴ ስልኩን መለሰችልኝና ወገቧን ይዛ ቆመች።

"አየሽ! እኔ ስንት ገዳም ስለት ስሳል፣ ስንት ጠበል ስንከራተት፣ ለካስ ያንቺን ድርሻ ይዛ የተቀመጠችው እሷ ናታ!"