ቫልቭ የበላው ግፊት

[ክረምት ነው። ከወረታ ወጣ ብሎ፣ የባየህ ግቢ። ባየህ ደብተርና እርሳስ ይዞ የባዮጋስ ምድጃው ሥር ተንበርክኳል። ጎረቤቱ ቢሻው አንድ ሸክም እንጨት ደጃፉ ላይ አራግፎ ይገባል።]

ባየህ፦ መልሰህ ውሰደው አልኩህ! የጋዝ ቤት እንጨት ምን ያደርግለታል?

ቢሻው፦ እሳቱ ደከመ ሲሉ ብሰማ ነዋ።

ባየህ፦ ቫልቩ ነው፣ የጋዙ መክፈቻና መዝጊያ! ሦስት ቀን የሠለጠንኩት ለምን መሰለህ? ጋዝ ከእበት ጉድጓዱ በቱቦ መጥቶ ቫልቭ ሲያልፍ ግፊቱ ይቀንሳል። ቫልቩ ከጠበበማ የሚያልፈውም ጋዝ ያንሳል።

ቢሻው፦ እንደ በረት በር። ሲጠብ ከብቱ ይጋፋል።

ባየህ፦ ጎሽ! አንዳንዴ ይገባሃል ለካ። ግፊቱ በጉድጓዱ በኩል ሃምሳ ሴንቲ፣ በምድጃው በኩል አምስት። አርባ አምስቱን ቫልቩ በላው።

ቢሻው፦ ወይ ሆዳም! አምስቱን በምን አወቅኸው?

ባየህ፦ ውኃ ባላት በዚች ቱቦ ለካሁት። ጋዙ ውኃውን አምስት ሴንቲ ገፋው።

ቢሻው፦ ሃምሳውንስ?

ባየህ፦ ሥልጠናው ላይ ሃምሳ ነበራ!

ቢሻው፦ የሰው ጉድጓድ ሃምሳ ስለሆነ ያንተም ሃምሳ ነው?

ባየህ፦ ኧረ አንተ ሰው፣ ስሌት ነው፣ አታደናግረኝ! አማቴ አያ በላይነህ ለምሳ እየመጡ ነው። «ገላነሽን ጭስ አላሳያትም» ብዬ ስምል ጊዜ ነው ልጃቸውን የሰጡኝ። ዛሬ ይህ ቤት ከጨሰ አለቀልኝ!

ቢሻው፦ እስቲ እንዲያው ልየው። [ቱቦዋን ነቅሎ በጉድጓዱ በኩል ይሰካታል] ባየህ... ስድስት ነው።

ባየህ፦ አይሆንም!

ቢሻው፦ ቫልቩ የቀመሰው አንዲት ብቻ ነው። በከንቱ አማኸው፤ ጦመኛ ነው።

ባየህ፦ ታዲያ ጋዙ የት ገባ?

ቢሻው፦ ጉድጓዱ እበት ከገባበት ስንት ጊዜው ነው?

ባየህ፦ እበትማ... ሜዳው በውኃ ሲያዝ ላሞቹን ወደ ደጋ ሰደናቸው... [በጣቱ እየቆጠረ] ወር አልፏቸዋል።

ቢሻው፦ ማን ዘንድ?

ባየህ፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] አማቴ ዘንድ። ጣራ ገዳም ሥር።

ቢሻው፦ ጋዝህ እሳቸው በረት ውሎ ያድራላ!

[ሚስቱ ገላነሽ ከጓዳ ብቅ ብላ ምድጃው ላይ ያለውን ድስት ከፍታ ታያለች።]

ገላነሽ፦ ኧረ ባየህ፣ ወጡ ገና ጥሬ ነው! አባባ ከባጃጅ ወርደዋል!

ባየህ፦ [እርሳሱን ጥሎ] ቢሻው... ያ እንጨት...

ቢሻው፦ መልሼ ልውሰደው?

ባየህ፦ በእናትህ አቀብለኝ!

ቢሻው፦ እንካ። ለገላነሽ ግን ጭስ አላሳይም ብለህ ምለሃል፤ ስለዚህ ተንበርከክና አንተው እፍ በል። አፍህንም ከፈት አድርገው፤ ከጠበበ ግፊቱ ይቀንሳል!