ቅዳሜ የማን ይዘፍናል?

ክብረኣብ፦ ካሴት ሙዚቃ አይደለም። ካሴት የሙዚቃ ፍርፋሪ ነው።

በራኺ፦ ፍርፋሪም ቢሆን ስንት ሙሽራ ጨፍሮበታል።

(ገጀረት ሰፈር፣ እትዬ ለተገብርኤል ሳሎን፣ ከምሳ በኋላ። ልጃቸው ፍረወይኒ ቅዳሜ ትዳራለች። የቤተሰቡን ሠርግ ሁሉ በቴፑ ሲያጫውት የኖረው በራኺ ነው። ዘንድሮ ግን የአጎቱ ልጅ ክብረኣብ፣ አገሬ ነጻ ወጣች ብሎ ከጀርመን ሲመለስ፣ ሲዲ ማጫወቻ ታቅፎ ከተፍ አለ። በራኺ ይህን ሥራ ከተነጠቀ ሠርጉ ላይ የሚቀረው መብላት ብቻ ነው። ክብረኣብም ቢሆን ጀርመን ያን ሁሉ ዓመት ምን ሲሠራ እንደኖረ የሚያሳይበት ሌላ ነገር የለውም። ሁለቱም ጀርመን የተቀረጸውን ያንኑ አንድ አልበም ይዘው ቀርበዋል፤ እትዬ ለተገብርኤል ጓዳ ልብስ እየተኮሱ በጆሯቸው ይፈርዳሉ። አቧራ እንዳይነካቸው ብለው ሁለቱንም ማጫወቻ ባንድ ዳንቴል ሸፍነዋቸዋል።)

(ክብረኣብ እጁን በዳንቴሉ ሥር ሰዶ ቁልፉን ተጫነ። በራኺም ጎንበስ ብሎ የሆነ ነገር ነካካ። ዘፈኑ ጀመረ። ክብረኣብ ዓይኑን ጨፈነ፤ እንዲህ ያለ ጥራት ዓይን ገልጦ አይሰማም ባይ ነው።)

ክብረኣብ፦ ሰማህ? ምንም አልጎደለም። ስቱዲዮ የገባው ሁሉ እዚህ አለ።

በራኺ፦ እወ፣ ይሄንንማ ስሰማው ነው የኖርኩት።

ክብረኣብ፦ አንተ ስትሰማ የኖርከው የዚህን ጥላ ነው።

በራኺ፦ ይሁን። ታዲያ መቼ ነው የሚጀምረው?

ክብረኣብ፦ (እንደ መምህር ታግሦ) ለማያውቅበት ሰው ቶሎ አይጀምርለትም። ያ ሽሽሽ የሚለው ይሰማሃል?

በራኺ፦ በደንብ።

ክብረኣብ፦ የዘፋኙ ትንፋሽ ነው። በካሴት ይሄን ልትሰማ?

በራኺ፦ ሳያቋርጥ ነው እንዴ የሚተነፍሰው?

ክብረኣብ፦ ሳንባ ያለው ሰው ነው።

(ክብረኣብ ለበራኺ ከልቡ አዘነለት። ሲዲ በብርሃን እንደሚነበብ፣ ክር እንደሌለው፣ ዕድሜ ልክ ቢዘፍን እንደማያረጅ አንድ ባንድ አስረዳው። በራኺ በየመሃሉ «የቐንየለይ» እያለ፣ እያመሰገነ አዳመጠ። ማብራሪያው ሳያልቅ ዘፈኑ ውስጥ አውራ ዶሮ ጮኸ።)

ክብረኣብ፦ ይኸው። ከስቱዲዮው ውጪ የቆመ ዶሮ ሳይቀር ይሰማል። ጥራት ማለት ይሄ ነው።

በራኺ፦ ያንን ዶሮማ ለፋሲካ በልተነዋል።

ክብረኣብ፦ የጀርመን ዶሮ የት አግኝተህ?

በራኺ፦ የሰፈሬ የሓዝሓዝ ነው። ሁለት ቴፕ ፊት ለፊት አስቀምጬ ስቀዳ ከጓሮ ጮኸብኝ።

ክብረኣብ፦ (ሳቁን ዋጥ አድርጎ) ሓወይ፣ የጮኸ ዶሮ ሁሉ ያንተ አይምሰልህ።

(ከዚህ ሰው ጋር መከራከር ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ነው ብሎ ክብረኣብ ወደ ዳኛዋ ዞረ።)

ክብረኣብ፦ እትዬ ለተገብርኤል፣ ይምጡና ይፍረዱን። እኔ እንደሁ ምዬ ነው የምናገረው፤ ቅዳሜ መዝፈን ያለበት ይሄ አሁን የሚሰሙት ነው። ሌላው ዕቃ ሠርጉ ደጃፍ አይድረስ።

(እትዬ ለተገብርኤል ካውያቸውን እንዳንጠለጠሉ ከጓዳ ወጡ።)

ለተገብርኤል፦ እኔም ወድጄዋለሁ፤ ይሁን። ግን ልጄ፣ መብራት እኮ እናንተ ሳትጀምሩ ነው የሄደው። ይኸው ካውያዬ ከበረደ ቆየ።

(ዘፈኑ ቀጥሏል። ክብረኣብ ዳንቴሉን ቀስ ብሎ ገለጠው። ሲዲ ማጫወቻው ጭልም ብሎ ተኝቷል። ከጎኑ የበራኺ ቴፕ በባትሪው ይሽከረከራል። ክብረኣብ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።)

ክብረኣብ፦ ለምን አልነገርከኝም?

በራኺ፦ መቼ ነው የሚጀምረው ብዬ ጠየቅኩህ እኮ። ያንተ እስኪጀምር ዝም ብለን ከምንቀመጥ ብዬ ነው የኔን የከፈትኩት።

ለተገብርኤል፦ በቃ፣ ቅዳሜ በራኺ ያጫውት። አንተም እንዳትቀርብን፤ አጠገቡ ቁጭ ብለህ ለእንግዳው ታስረዳልናለህ። በዚህ ዕድሜዬ ካሴት እንዳንተ አድርጎ ያሞገሰ ሰው አላየሁም።