ስለ ከባዱ አረርና ስለ ባሩዱ ምርቃት

የዳንግላ ነብር አዳኝ ኮሚቴ ጥር 12 ቀን 1953 ዓ.ም. ከቀኑ በ8 ሰዓት በአቶ ስማቸው የእህል መጋዘን ተሰበሰበ።

የተገኙ፦ ቀኛዝማች ምህረቴ (ሰብሳቢ)፣ ባሻ በዛብህ (ጥይት ሞይ፤ ባለፈው ሙከራ ግራ ቅንድባቸውን ያጡ)፣ አቶ ስማቸው (እህል ነጋዴ)፣ ደሴ (ጸሐፊ)። ምልዓተ ጉባኤው አምስት ሰው ስለሆነ አንድ ጎደለ። ነብር ጥጃ የበላባቸው ወ/ሮ የሻረግ በር ላይ ቆመው አቤት ይሉ ስለነበር፣ ገብተው እንዲቆጠሩ ተደረገ። ጉባኤው ሞላ።

አጀንዳ አንድ፦ የባሩድ ልክ

ሰብሳቢው እንዳስረዱት፣ በአካባቢው የቀረው ደህና ጠመንጃ የወ/ሮ የሻረግ ባል ትተውት ያለፉት፣ አሁን ለጉባኤው እንዲታይ ከመጋዘኑ ግድግዳ የተደገፈው ውጅግራ ነው፤ ተኳሹም ልጃቸው ሀብቱ ነው። ባሩድም ባዶ ቀለህም አለ። ቀላሉ አረር ግን ስላለቀ አንጥረኛው አዲስ እርሳስ አፍስሷል፤ አዲሱ ከፊተኛው ይከብዳል።

አቶ ስማቸው፣ ከባድ ጭነት ብርቱ በቅሎ ይፈልጋልና ባሩዱ ይጨመር አሉ። ባሻ በዛብህ ተቃወሙ። አረሩ ሲከብድ ባሩዱ ይታፈናል፤ ባሩዱ ሲበዛ ደግሞ ጠመንጃው በተኳሹ ፊት ላይ ይፈነዳል። ስለዚህ ከቀድሞው ልክ ተቀንሶ ይጀመር፤ ከዚያ በየተኩሱ ቀለሁ እንዳልተሰነጠቀ እየታየ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመር ብለው ቅንድባቸው የነበረበትን ቦታ ለጉባኤው አሳዩ። አቶ ስማቸው፣ የአንድ ሰው ቅንድብ ማስረጃ አይሆንም አሉ። ባሻ በአገውኛ የመለሱት በመዝገብ የሚሰፍር አይደለም።

ከረዥም ውይይት በኋላ እንዲቀነስ ተወሰነ።

አጀንዳ ሁለት፦ ሰፋሪ

ከሙከራው ወዲህ የባሻ እጅ ስለሚንቀጠቀጥ አቶ ስማቸው ሰፋሪ ሆኑ። ባሻ የሰጧቸውን ትንሽ የቀንድ መስፈሪያ በልኩ ሞሉና፣ እንደ ገበያ ልማዳቸው ቆንጥረው መረቁበት። ባሻ «ኧረ ትርፉን ጥረገው!» ብለው ጮኹ። አቶ ስማቸው፣ በዕድሜዬ ያለ ምርቃት ሰፍሬ አላውቅም፤ በስተርጅና ንፉግ አልባልም አሉ። ሁለተኛውንም መረቁ። በሦስተኛው ላይ እጃቸው እንዲያዝ ሐሳብ ቀረበ፤ ያዥ ጠፋ።

ሰብሳቢው ለማስታረቅ፣ ባሩዱም ይቀነስ፣ ምርቃቱም አይቅር አሉ። ከረዥም ውይይት በኋላ በሦስት ድምፅ ለአንድ ጸደቀ። ጸሐፊው እጁን ያወጣው ስብሰባው እንዲዘጋ የተጠየቀ መስሎት ነው። ወ/ሮ የሻረግን የጠየቃቸው የለም።

አጀንዳ ሦስት፦ ልዩ ልዩ

ወ/ሮ የሻረግ «የሰፈረው ሰው ይተኩሰው» የሚል ሐሳብ አቀረቡ። አቶ ስማቸው ዓይናቸው ደካማ መሆኑን ገለጹ። ሰብሳቢው የወገባቸውን ሕመም አስታወሱ። ጸሐፊው ጣቶቹ ለጽሕፈት እንደሚፈለጉ አስረዳ። ወ/ሮ የሻረግም «ነብሩስ የበላው ጥጃዬን ነው፤ እናንተ ልጄን ልትበሉት ነው!» ብለው ውጅግራቸውን ከግድግዳው አንስተው ወጡ። ጸሐፊው አፍሯል።

ውሳኔ

ወ/ሮ የሻረግ በመውጣታቸው ምልዓተ ጉባኤው ስለፈረሰ፣ ከላይ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር በአንድ ድምፅ ተወሰነ። ባሻ፣ ጉባኤው ከፈረሰ ይህስ በምን ተወሰነ ብለው ጠየቁ። ጥያቄው በይደር ታለፈ።

ስብሰባው በ11 ሰዓት ተኩል ተነሣ። ነብሩ የሚወጣው በዚሁ ሰዓት ስለሆነ፣ አባላቱ ወ/ሮ የሻረግን ሮጠው ደርሰውባቸው ከጠመንጃው ኋላ ኋላ ተከትለው ወደየቤታቸው ገቡ። ጠመንጃው ባዶ እንደነበረ ሁሉም ያውቃል።