ንቦችህን እሰር!

ለሌላው ሆድ ልክ ማውጣት የሚቸግረው ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። «ትንሽ ነው፣ ምንም አይልህም» ይላችኋል፤ ያችን ትንሽ የሚውጣት ግን እሱ አይደለም። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ነው ነገሩ።

እኔ ከሚሴ አስተማሪ ነኝ። ባለፈው የገበያ ቀን ቅቤ ልገዛ ጨፋ ሮቢት ብወርድ፣ ማር ሻጩ ሙሄ እጄን ይዞ ዋርካ ሥር አስቀመጠኝ፤ ለካስ ሽማግሌ ጎድሎ ኖሯል። ለቅቤ የወጣሁት ሰውዬ ዳኛ ሆኜ አረፍኩት! ጎረቤቱ ጀማል ማሽላው ውስጥ የአረም መድኃኒት ረጭቶ፣ የሙሄ ንቦች ያንኑ የተረጨበትን የአረም አበባ ቀስመዋል። ወሬው ሲዛመት ማሩን የሚገዛው ጠፋ፤ ሙሄ ደግሞ ልጆቹን የሚያሳድረው በማር ነው።

ታዲያ ጀማል ደነገጠ? ወይ መደንገጥ! ጭራሽ ከሳሽ ሆኖ ቁጭ አለ።

«ከብት ማሳ ሲገባ ባለቤቱ ይክስ የለም እንዴ? ማሳው የኔ፣ አረሙም የኔ! ንቦችህን እሰር!»

«በምን ገመድ?» አለ ሙሄ፣ ሊያለቅስ ደርሶ።

ብታምኑም ባታምኑም በዚህ ብቻ ግማሽ ቀን ፈጀን። አንደኛው ሽማግሌማ የገቡት ንቦች የሙሄ ለመሆናቸው ምስክር ይቅረብ አሉ።

በመጨረሻ የግብርና ባለሙያዋ ተጠራች። ማርም ሆነ ወተት ውስጥ የሚቀር መድኃኒት ሰው የማይጎዳበት ልክ አለው አለች፦ በኪሎ ማር ከአንዲት የጤፍ ፍሬ ያነሰ። የሙሄ ማር ከልኩ ይለፍ አይለፍ የሚነግረን ላቦራቶሪ ግን እዚህ የለም።

«ኩን ማሊ? ምንድን ነው ይሄ?» አሉ የሽማግሌዎቹ አውራ ሼህ እንድሪስ። «የጤፍ ፍሬ የሚያይ ዓይን ከየት አባቴ ላምጣ?»

ጀማል ልብ አገኘ። «ያ ጀመዓ፣ ትንሽ እኮ ነው! ወላሂ ማንንም አይጎዳም፤ ዝም ብሎ ይሽጥ።»

ሼሁ ጺማቸውን አሹ። «ልጅህ ወለደች አሉ፣ እንኳን ደስ ያለህ።»

«አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ሰባት ቀኗ።»

«የአራስ ገንፎ ያለ ማር ይሆናል? ሙሄ፣ ያን የማር ጣሳህን ስጠው፤ ለልጁ ይውሰድላት።»

ጀማል ጣሳውን ተቀበለ። አየው። ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠው።

«ለሷስ… ይቅርባት።»

«ልኩ ተገኘ!» አሉ ሼሁ። «አስተማሪ፣ ጻፍ።»

ጀማል የዘንድሮውን ማር በማሽላ እንዲክስ፣ ያበበ አረም ላይም ዳግም እንዳይረጭ ብዬ ጻፍኩ። ሙሄ ጉልበቴን ካልሳምኩ አለ። እኔም ደረቴን ነፍቼ ፈረምኩ።

ባጃጅ ውስጥ ገብቼ ስቀመጥ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ባለፈው ወር ከሙሄ ማር ገዝቼ ነበር። ወሬውን ስሰማ ፈርቼ አልቀመስኩትም፤ ለርእሰ መምህራችን በስጦታ ሰጠሁት።

ስሰጠው ያልኩትም አይረሳኝ፦ «ትንሽ ናት፣ ምንም አትልም።»