መዝጊያ ንግግር ያልተደረገለት የአልባሳት ቀን

ታላላቅ ነገሮች ሁሉ ታላቅ መነሻ አላቸው። የኮሌጁ ዓመታዊ የአልባሳት ቀንም መነሻው ታላቅ ነው፤ የልብስ ማጠቢያው ሠራተኛ የእህቱ ሠርግ ላይ ሊገኝ ሲሄድ ቁልፉን በኪሱ ይዞ ሄደ። የተማሪው ልብስ በሙሉ እንደ ረጠበ ተቆልፎበት ቀረ። የዓመቱ መዝጊያ ዝግጅት ደግሞ በማግስቱ ነበር። ልጆቹ ምን ያድርጉ፣ ግማሹ አንሶላ አገለደመ፣ ግማሹ የመኝታ ክፍሉን መጋረጃ አውርዶ ተከናነበ፣ አንዱማ የጠረጴዛ ልብስ ለብሶ ከች አለ። በክብር እንግድነት የተጋበዙት የቦርዱ ሊቀ መንበር ይህን ሲያዩ ከወንበራቸው ተነሥተው አጨበጨቡ። የጥንት ሮማውያንን እንዲህ አሳምሮ ያቀረበ ተቋም በሕይወታቸው አይተው እንደማያውቁም ተናገሩ።

የዛሬው ምክትል ዲን ያኔ ተራ አስተማሪ ነበሩ፤ ከሊቀ መንበሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ሌላ ሰው ቢሆን ልጆቹ ልብስ አጥተው ነው ብሎ እዚያው ጉድ ያፈላ ነበር። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ሳያሹ "የስድስት ወር ዝግጅት ነው" አሉ። ታሪክ የሚሠራው እንዲህ ባሉ ሰዎች ነው። በሳምንቱ የአልባሳት ቀን ቋሚ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ እሳቸውም ሰብሳቢ ሆኑ። የልብስ ማጠቢያው ሠራተኛ በበኩሉ ከሠርጉ ሲመለስ ቁልፍ ይዞ በመጥፋት ተቀጣ።

ከዚያ ወዲህ ዓመት በመጣ ቁጥር ኮሚቴው መሪ ቃል ያወጣል፤ ሰው ሁሉ በመሪ ቃሉ መሠረት ይለብሳል። "የነገው ዓለም" የተባለ ዓመት ተማሪው በሙሉ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ተጠቅልሎ መጣና ነገ ምን ያህል እንደሚሞቅ ሁሉም በላቡ አረጋገጠ። "ትሕትና" የተባለ ዓመት ከሁሉ ይበልጥ ትሑት የሆነው ማን እንደሆነ የሚለዩ ዳኞች ተሰየሙ፤ ምክትል ዲኑ አንደኛ ወጥተው ዋንጫውን ቢሯቸው መስኮት ላይ፣ ከውጭ በሚታይበት በኩል አስቀመጡት። ከሁሉ የሚደንቀው ግን የቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ ማፍሰስ የጀመረ ጊዜ የሠሩት ሥራ ነው። ተማሪዎቹ ይጠገንልን እያሉ ሲያለቃቅሱ፣ እሳቸው የዓመቱን መሪ ቃል "የዝናብ ደን" ብለው ዝግጅቱን እዚያው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አደረጉት። ችግር የነበረው በአንድ ቀን ጌጥ ሆነ። ጣሪያውንም ከዚያ በኋላ ደፍሮ የነካው የለም።

ታዲያ ያለ ደንብ የሚቆም በዓል የለምና ደንብም ወጣለት። አንድ ዓመት የታሪክ አስተማሪው ንጉሥ መስሎ ቢመጣ፣ ተማሪዎቹ በለመደው የቅጽል ስሙ እየጠሩ አላስቆም አላስቀምጥ አሉት። ምክትል ዲኑ ደማቸው ፈላና በገዛ እጃቸው አረቀቁ፤ በዕለቱ ማንኛውም ሰው በሆነው ሳይሆን በመሰለው ይጠራል፣ በመሰለው ይከበራል፣ በመሰለው ይታዘዛል፤ አንዴ የመረጠውንም ዕለቱ ሳይዘጋ መለወጥ አይችልም። ሌላ ዓመት ደግሞ የመዝጊያ ንግግራቸው መሃል ላይ ሕዝቡ አንድ በአንድ ሹልክ እያለ ወጥቶ፣ ቀና ሲሉ ከፊታቸው የቀረው ገመዱን ሊጠቀልል የሚጠብቅ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ብቻ ሆኖ አገኙት። አንጀታቸው አረረ። በማግስቱ፣ ሰብሳቢው የመዝጊያ ንግግር እስካላደረገ ድረስ ዕለቱ እንዳልተዘጋ ይቆጠራል የሚል አንቀጽ ተጨመረ።

ደንቡ ወረቀት ላይ የቀረ ደንብ አልነበረም። የኬሚስትሪ አስተማሪው ፈረስ መስሎ በመጣበት ዓመት፣ ወገቤን አመመኝ ወንበር ስጡኝ ብሎ ቢለምን፣ ምክትል ዲኑ ፈረስ ቆሞ ነው የሚውለው ብለው ከለከሉት። ሰውዬው ቆሞ ዋለ። እንዲህ ያለ ለሕግ መገዛት በየት አገር ይገኛል?

ዘንድሮ ነገሩ ሁሉ ከፍ ያለ ነበር። አሮጌው ዲን ጡረታ ወጥተዋል፤ የአዲሱን ዲን ስም ሊቀ መንበሩ በአልባሳት ቀን መድረክ ላይ እንደሚያበሥሩ ታውቋል። ምክትል ዲኑ ይህችን ወንበር ሲመኙ ፀጉራቸው ሸብቷል። ሚስታቸውም አልተኙም፤ የዲኑን መኖሪያ ቤት መስኮቶች ከውጭ በገመድ ለክተው መጋረጃ አሰፍተዋል። የዓመቱ መሪ ቃል "የኮሌጃችን ቤተሰብ" ነበር፤ ማለትም እያንዳንዱ የኮሌጁ ሰው ሌላውን የኮሌጁን ሰው፣ ሰነፍ ከሆነም ራሱን፣ መስሎ ይመጣል። ምክትል ዲኑ የበሩን ጥበቃ ዩኒፎርም ከነባርኔጣው፣ ከነፊሽካው ተውሰው ሲለብሱ ሚስታቸው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

"ዲን ሊሾም የሚሄድ ሰው ጥበቃ መስሎ ይሄዳል?"

"አንቺ አልገባሽም። ሊቀ መንበሩ ትሑት መሪ ነው የሚወዱት። ስሜ ተጠርቶ በዚህ ልብስ መድረኩ ላይ ስወጣ እስቲ አስቢው፤ ሰውዬው እንባ ነው የሚቀድማቸው።"

"እንግዲህ አንተ ታውቃለህ። እኔ መጋረጃውን አሰፍቻለሁ።"

የኮሌጁ ጀነሬተር የሚታመን ስላልሆነ ዝግጅቱ በጠራራ ፀሐይ ነው የሚካሄደው። ምክትል ዲኑ አዳራሹ በር ላይ ሲደርሱ ራሳቸውን አገኙ። ግራጫ ሙሉ ልብስ፣ አፍንጫ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ መነጽር፣ ከሸሚዙ ሥር የተወሸቀ ትራስ፣ ከመናገር በፊት ሁለት ጊዜ ጉሮሮ መጥረግ፣ አንድም ሳይቀር። ያየውን ሰው ሁሉ ቁጭ አድርጎ በመምሰሉ "ኮፒ" የሚባለው የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበር። ምክትል ዲኑ ሳቃቸው መጣ፤ ሆዱን ትንሽ እንዳበዛው ነገሩት። ኮፒ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ጠረገና "ከዚህ አኳያ፣ ጥበቃ የሚቆመው በሩ ላይ ነው" አላቸው።

ልባቸው ቅቤ ጠጣ። ይኸው ትውልዱ ደንቡን ተረድቷል። ደረታቸውን ነፍተው በሩ ላይ ቆሙ። እኛም ደንብ አክባሪዎች ነንና ከዚህ በኋላ እሳቸውን "ጥበቃው"፣ ኮፒን ደግሞ "ምክትል ዲኑ" ማለታችን ግድ ነው፤ አንቱታውም፣ የኮሚቴው ሰብሳቢነትም አብሮ ይዛወራል።

ሊቀ መንበሩ መድረክ ላይ ወጡ። በወጣትነታቸው ዳኛ ነበሩ፤ ከተጻፈ ነገር ንቅንቅ አይሉም። ስለ ተቋማዊ ራእይ፣ ስለ ሁለንተናዊ ለውጥ፣ ስለ ለውጡም ሁለንተናዊነት በሰፊው ተናገሩ። ከዚያም አዲሱ ዲን የተከበሩት ምክትል ዲን መሆናቸውን አበሠሩ። ጥበቃው ባርኔጣውን አስተካክሎ፣ ያጠናውን የትሕትና ፊት ለብሶ በአዳራሹ መሃል ገሰገሰ። ደረጃው ሥር ሲደርስ ምክትል ዲኑ ቀድመውት ወጥተው የሊቀ መንበሩን እጅ ጨብጠዋል።

"ጌታዬ፣ እኔ ነኝ እኮ ምክትል ዲኑ" አለ ጥበቃው።

ሊቀ መንበሩ ከላይ እስከ ታች ተመለከቱት። "የለበስከው ምንድን ነው?"

"የጥበቃ ልብስ።"

"ደንቡን ያወጣው ማነው?"

"እኔ።"

"ጥሩ ደንብ ነው። ወደ በርህ ተመለስ።"

አዲሱ ዲን ማይክራፎኑን ያዙ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ጠረጉ። ሕዝቡ የለመደው ነውና ወገቡን አመቻችቶ ለረጅሙ ንግግር ተዘጋጀ። "ከዚህ አኳያ አመሰግናለሁ" አሉና ተቀመጡ። አዳራሹ በጭብጨባ ሊፈርስ ምንም አልቀረው። አንድ የሒሳብ ክፍል ሰው አለቀሰ ይባላል። በዚህ ሁሉ ደስታ መሃል የመዝጊያ ንግግር ማንም አላደረገም፤ ማንም አልጠየቀምም።

ጥበቃው ሰኞ ጠዋት የገዛ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ቢሮው ሄደ። ጸሐፊዋ ብድግ ብላ በትሕትና አስቆመችው። የምታውቀው መሆኑን አልካደችም፤ አብረው ዘመናት ሠርተዋል። ነገር ግን ዕለቱ ስላልተዘጋ፣ እሱም የመረጠውን ሳይዘጋ መለወጥ ስለማይችል፣ በእሷ በኩል የሚታያት ሙሉ ልብስ የለበሰ ጥበቃ ነው። የእውነቱ የበር ጥበቃስ? ሰውዬው ዩኒፎርሙን አውሶ የቀረ ነው፤ ቀኑ እስኪዘጋ ፈቃድ ላይ ነኝ ብሎ እቤቱ ተኝቷል። በሩ ላይ ደግሞ መኪኖች ተሰልፈው ክላክስ ያስጮኻሉ። ምን ምርጫ አለ፣ ወርዶ ከፈተላቸው።

ዲኑን በር ላይ ባገኛቸው ቁጥር ይለምናቸዋል፤ በእግዚአብሔር ይሁንብህ፣ ያችን ንግግር አድርግና ገላግለኝ ይላል። እሳቸውም የመኪናውን መስኮት ዝቅ ያደርጋሉ።

"ከዚህ አኳያ እየተዘጋጀሁበት ነው ጋሼ። ጥሩ የመዝጊያ ንግግር ጊዜ ይፈልጋል።"

ይህን የተማሩት ከማን እንደሆነ ጥበቃው ስለሚያውቅ በሩን ከፈተላቸው። የባሰው ግን ኮሌጁ አለመፍረሱ ነው። ያለ እኔ ሳምንት አይቆይም ብሎ ነበር፤ ሳምንቱ ሲሞላ የቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ ተጠገነ። ዲኑ ዓመታት ከሥሩ ጃንጥላ ዘርግተው ያጠኑ ሰው ናቸውና የትኛው ቀዳዳ የት እንዳለ ለግንበኛው ቆመው አሳዩት። ስብሰባዎች ማጠር ጀመሩ። ሚስቱም ቢሆን ብዙ አልተቆጣችም፤ አንዱን መጋረጃ ቆርጣ ለጥበቃ ቤቷ ብቸኛ መስኮት ልክ አድርጋ ሰቀለችለት። ያማረች መጋረጃ ናት። እሱ ግን ያን ቀን እዚያች ቤት ውስጥ ተቀምጦ ፊቱን በባርኔጣው ሸፍኖ አለቀሰ።

የፈተና ጊዜ ሲቃረብ ዲኑ ራሳቸው ጨነቃቸው፤ ተማሪም ስለሆኑ መፈተን አለባቸው። ዕለቱን እዘጋለሁ ብለው ሁሉን አዳራሽ ጠሩ። ጥበቃው ይህን ሲሰማ ዩኒፎርሙን አጥቦ፣ ተኩሶ፣ ጫማውን እንደ መስታወት አብርቶ ከሁሉ ቀድሞ ተገኘ፤ እግሩ መሬት አልነካም። ሊቀ መንበሩ፣ ዲን እንደማይፈተን ደንቡም ልማዱም ስለሚመሰክሩ ለዲኑ የሚያስጨንቅ ነገር እንደሌለ ካስረዱ በኋላ፣ ለማንኛውም ጉዳዩ ለድምፅ ይቅረብ አሉ። ቀኑ ይዘጋ የሚል እጁን እንዲያወጣ ጠየቁ።

አንድም እጅ የለም። ኋላ በሩ አጠገብ ግን አንዲት እጅ ከነፊሽካዋ ቀጥ ብላ ወጥታ ነበር።

የኬሚስትሪ አስተማሪው ወገቡን ይዞ ቀስ ብሎ ተነሣ። የጥበቃ ሠራተኞች የደመወዝ ጥያቄ ባነሡበት ዓመት የወጣውን መመሪያ አስታወሰ፤ ጥበቃ በስብሰባ ላይ በር ይጠብቃል እንጂ ድምፅ አይሰጥም ይላል። "ማን እንዳወጣው እንኳ ረስቼዋለሁ" ብሎ ተቀመጠ። ሰው ሁሉ ግን አንገቱን ወደ በሩ አዞረ።

ሊቀ መንበሩ ጥሩ መመሪያ ነው አሉ። ውጭ ክላክስ ተነፋ፤ ጥበቃው እጁን አወረደና በሩን ሊከፍት ሮጠ።