ኃላፊው የተቀበሉት ሲስተም

ታላላቅ ውሳኔዎች የሚወለዱት በስብሰባ ነው። የመሥሪያ ቤታችን የሠራተኛ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር በሚቀጥለው ሰኞ እንዲመረቅ ሲወሰን እኔም ነበርኩ፤ ወንበር ስላልተረፈ ቆሜ። ለሃያ ዓመት አገልግሎት መቆምም ክብር ነው።

የቀረው ጊዜ የሚበቃው ለአንድ ፍተሻ ብቻ ነበር። ፕሮግራመሯ እጇን አወጣች።

«የዕረፍት ፈቃዱን ክፍል እኔ ሠራሁት፣ የሠራተኛ ማኅደሩን ሌላ ሰው። አንድ ላይ ሲሠሩ አይተናቸው አናውቅም። መግባባታቸው ይፈተሽ።»

«ለየብቻቸው ደህና ናቸው?» አሉ ኃላፊው።

«ለየብቻቸውማ ደህና ናቸው።»

«ታዲያ ደህና ከደህና ጋር ቢገናኝ ምን ይመጣል?»

«እሱን እኮ ነው የማናውቀው፣ ጋሼ።»

«የኔ ልጅ፣ ይሄ የእናንተ የውስጥ ጉዳይ ነው። ዋናው ተጠቃሚው መቀበሉ ነው፤ እሱ ይፈተሽ።»

ጥልቅ ንግግር ነው። ተጠቃሚው ማን እንደሆነ የሚያጣራ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ በጥናትም ራሳቸው ኃላፊው ሆነው ተገኙ። ምርቃቱ ካማረ ሹመት እንደሚጠብቃቸው ማንም አላነሳም፤ ሁሉም ያውቀዋላ።

የተቀባይነት ፍተሻው አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ። አረንጓዴውን ቁልፍ ተጫኑ፤ ስክሪኑ «እንኳን ደህና መጡ» አላቸው። ቀለሙን ወደዱትና ፈረሙ። አጨበጨብን። የእኔን የእድገት ማመልከቻ ሦስት ጊዜ ሳያነቡ የመለሱ እጆች ሲፈርሙ ማየት ደስ ይላል።

ሰኞ ተመረቀ። ማክሰኞ ኃላፊው፣ ለሌላው አርአያ ለመሆን፣ በሲስተሙ የረቡዕና የሐሙስ ፈቃድ ወሰዱ። የፈቃዱ ክፍል «በሥራ ላይ የለም» ሲል ለማኅደሩ ክፍል በትክክል አስታወቀ። የማኅደሩ ክፍልም በሥራ ላይ የሌለ ሰው የተሰናበተ መሆኑን በትክክል መዘገበ። ሁለቱም እንከን አይወጣላቸውም።

ዓርብ ጠዋት የበሩ መሣሪያ የኃላፊውን ጣት አላውቅም አለ። እኔ ከኋላቸው ተሰልፌ ነበር።

«ክፈት እንጂ» አሉት ጥበቃውን።

«ተሰናብተዋል ይላል፣ ጌታዬ።»

«ማን አባቱ አሰናበተኝ?»

«እኔ ምን አውቄ። የተጻፈውን ነው የማነበው።»

ፕሮግራመሯ ተጠርታ ወረደች። «ማስተካከሉ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፣ ጋሼ። ግን ኃላፊው ካላጸደቀ ሲስተሙ አያስነካም።»

«ኃላፊው እኔ አይደለሁም እንዴ?»

«ነበሩ ይላል። ቦታው ክፍት ሲሆን በአገልግሎት ዘመን ቀዳሚውን ሠራተኛ ተጠባባቂ ያደርጋል።»

ሁለቱም ዞረው አዩኝ።

«ወንድሜ፣» አሉኝ፤ በሃያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «አጽድቅልኝማ።»

ሥልጣን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ክፍሎቹ መግባባታቸው መጀመሪያ በሚገባ እንዲፈተሽ አዘዝኩ። ፕሮግራመሯ አንድ ሳምንት ይበቃኛል አለች። ልጅ ናት፣ አላጣደፍኳትም፤ ሁለት ዓመት ፈቀድኩላት።